ቆዳውን አትላጡት፦ ውሃ የቋጠረ ተረከዝ ይዞ ስለ መሥራት

ጫማ መትቷችሁ ተረከዛችሁ ውሃ ከቋጠረ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ከላይ ያለውን ቆዳ አትላጡት። ውሃው መውጣት ካለበት ይውጣ፤ ቆዳው ግን እዚያው ይቀመጥ። የቀረውን ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ይህችን ይዞ ቢሄድ ይበቃዋል።

እኔ ሐዋሳ ውስጥ፣ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አስተናጋጅ ነኝ። ሰው ትሪ የምንሸከመው በእጃችን ይመስለዋል። ትሪውን የሚሸከመው ተረከዝ ነው። ወጥ ቤቱ ያለው ወደ መንገዱ በኩል ነው፤ ደንበኛው ደግሞ ሁልጊዜ ውሃው አጠገብ ያለውን ጠረጴዛ ይመርጣል። ዓሣ ጉላሹን አድርሰህ ዞር ስትል "ሎሚ!" ይልሃል። ሎሚውን ስታደርስ ሚጥሚጣ ይፈልጋል። እንዲህ እያለ ይመሻል።

ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው የገብርኤልን በዓል ያውቃል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከተማው ከየአገሩ በመጣ እንግዳ ይሞላል። አልጋ አይገኝም፣ ባጃጅም አይገኝም። የሐምሌው ደግሞ ክረምት መሃል ስለሚውል ዝናብና ጭቃ አለው። አዲሱ የሥራ ጫማ የታደለን ለዚያው ለሐምሌው በዓል ነበር። ጥቁር ነው፣ ያብረቀርቃል፣ ተረከዝ የሚይዘው በኩል ግን እንደ ጣውላ የደረቀ ነው። ቁጥሩን የመረጠልን ሌላ ሰው ነው። ጠዋት ወደ ሥራ ስንገባ ዝናቡ መንገድ ላይ አገኘንና ጫማው ከውስጥ ረጠበ። ካልሲው ስስ ናይለን። ከዚህ በላይ እግር የሚያቆስል ነገር ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል።

መጀመሪያ የሚሰማው ሕመም አይደለም፤ ሙቀት ነው። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ያቃጥላል። ያኔ ጫማውን አውልቆ፣ ቦታውን አድርቆ ፕላስተር የለጠፈ ሰው ብዙ ጊዜ ውሃ ሳይቋጥር ይተርፋል። ስለዚህ በየመሃሉ አረፍ ማለት የምትችሉ ሰዎች ያንን ሙቀት አትለፉት። በበዓል ቀን፣ ሙሉ አዳራሽ ፊት ለቆመ አስተናጋጅ ግን ይህ ምክር ቅንጦት ነው። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ ቀኝ ተረከዜ ላይ፣ ከኋላ በኩል፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ውጥር ያለ ውሃ ተቋጥሮ ነበር።

እኛ አገር ሐኪም ሞልቷል። እግሬን ያየ ሁሉ መድኃኒት አዘዘልኝ። ወጥ ቤት ያሉት የጥርስ ሳሙና ቀባበት አሉ። አንዷ የቡና ዱቄት ነስንስበት አለች። ካሸሯ ከቦርሳዋ ካፕሱል አውጥታ፣ "ከፍተህ ዱቄቱን አድርግበት፤ ጠዋት ደርቆ ታገኘዋለህ" አለችኝ። ዘበኛችን ጋሼ ደግሞ የድሮ ወታደር ናቸው። ጎንበስ ብለው አዩና "ልጄ፣ መርፌና ክር አምጣ" አሉ። ክሩን በመሃሉ አሳልፈህ ሁለቱን ጫፍ ትተዋለህ፣ ውሃው በክሩ እየወጣ ያድራል፤ እኛ ስንት አገር በእግራችን ያቆራረጥነው በዚህ ነው አሉኝ።

ጋሼን አከብራቸዋለሁ። ክሩን ግን አላስገባሁም። ግቢያችን ውስጥ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ትኖራለች፤ የግቢው ሰው ሁሉ ሲስተር ነው የሚላት። በሯን አንኳኩቼ እግሬን አሳየኋት። ሳቀችና "ሰው ሁሉ የሚቸኩለው ይችን ቆዳ ለመግፈፍ ነው። ከዚች ቆዳ የተሻለ መሸፈኛ ፋርማሲም አይሸጥም" አለችኝ። ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ከዚህ በኋላ የምጽፈው አብዛኛው ከእሷ የተማርኩትና በራሴ እግር ያየሁት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጫማው ቆዳውን ከላይ ይዞ ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል። ከውስጥ ያለው አጥንት ግን በራሱ መንገድ ይሄዳል። በሁለቱ መሃል ያለው ቆዳ ሲጎተት ሲለቀቅ ይውልና ውስጥ ለውስጥ ይለያያል። በተለያየው ክፍተት ውስጥ ከሰውነት የሚወጣ ንጹሕ ፈሳሽ ይሞላል። የላይኛው የቆዳ ክፍል የደም ሥር ስለሌለው ነው ውሃው ጥርት ያለ የሚሆነው። ጉዳቱ ጠለቅ ካለ ግን ደም ይቋጥራል። ቆዳው ስስ የሆነ ቦታ፣ ለምሳሌ ክንድ ላይ፣ እንዲህ ያለ ፍትጊያ ሲያገኘው ይላጣል እንጂ ውሃ አይቋጥርም። ተረከዝና መዳፍ ውሃ የሚቋጥሩት የላይኛው ቆዳ ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ ነው። እርጥበት ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። ወዝና ዝናብ ያረጠበው ቆዳ ከካልሲው ጋር ይጣበቃል፤ ሲጣበቅ የበለጠ ይጎተታል። የሐምሌው ጫማዬ ታሪክ ይኸው ነው።

ከውሃው ሥር አዲስ ቆዳ ወዲያው መሥራት ይጀምራል። ከላይ ያለው አሮጌ ቆዳ ሳይቀደድ ከቆየ ጀርም አይገባም፣ አየር አያቃጥለውም፣ ውሃውም በራሱ ጊዜ ወደ ሰውነት ይመለሳል። ብዙውን ጊዜ ከሳምንት አያልፍም። ይህንን ካወቃችሁ የሰፈሩን መድኃኒት ራሳችሁ መመዘን ትችላላችሁ። ክሩ እርግጥ ውሃውን ያወጣል፤ ግን ከውጭ ወደ ውስጥ የተዘረጋ መንገድ ሆኖ ያድራል። በእሱ ውሃ እንደሚወጣ ሁሉ ቆሻሻም ይገባበታል። የቡና ዱቄት ንጹሕ የሚመስለን ስለምንጠጣው ነው፤ ቁስል ውስጥ ከገባ ባዕድ ነገር ነው። የጥርስ ሳሙና ቆዳ ይቆጠቁጣል። ካፕሱሉ ደግሞ ለመዋጥ እንጂ ለመነስነስ አልተሠራም። ያለ ትእዛዝ አንቲባዮቲክ መበተን ቁስሉን አይጠቅምም፤ ጀርሙ ግን መድኃኒቱን እንዲለምደው ያደርጋል። ካሸሯ ይህን ስነግራት "እኔን ሁሌ ያድነኛል" አለችኝ። አልተከራከርኳትም። ያለ ካፕሱሉም ይድን ነበር።

እና ይፍሰስ ወይስ አይፍሰስ? ትንሽ ከሆነ፣ ካላመመ፣ ወይም ጫማ የማይነካው ቦታ ከሆነ አትንኩት። ሸፍናችሁ ተዉት። ደም የቋጠረ ከሆነም ተዉት። ትልቅ ሆኖ ከተወጠረ፣ ስትረግጡ ወይም ጫማ ስታደርጉ ካሳመመ፣ ነገ ደግሞ የግድ በእግራችሁ የምትቆሙ ከሆነ ውሃውን ማውጣት ይቻላል። ካልወጣ ራሱ መንገድ ላይ ይፈነዳል። ያኔ ቆዳው እንዳይሆን ሆኖ ይቀደዳል። የስኳር ሕመም ያለበት፣ እግሩ ደም በደንብ የማይደርሰው ወይም የሚደነዝዘው ሰው ግን ራሱ አይሞክረው። በኋላ እመለስበታለሁ።

የእኔ ውጥር ያለ ስለነበር ሲስተር እያየችኝ ራሴ አፈሰስኩት። እጄንም እግሬንም በሳሙናና በንጹሕ ውሃ ታጠብኩ። ተረከዜን ቤታዲን በነካ ጎዝ ጠረግን፣ ትንሽ ቆይተን እስኪደርቅ ጠበቅን። መርፌው ከፋርማሲ የተገዛ፣ ያልተከፈተ የሲሪንጅ መርፌ ነው። እሱ ከሌለ የልብስ መርፌ በ70 ፐርሰንት አልኮል በደንብ መጥረግ ነው። ከኮሮና ወዲህ አልኮል የሌለበት ቤት ጥቂት ነው።

መውጊያው ቦታ ላይ ልብ በሉ። መሃሉን አይደለም። ከዳር፣ ውሃው ከጤነኛው ቆዳ ጋር ከሚገናኝበት ጠርዝ፣ ወደ ታች ባለው በኩል ነው። እዚያ በኩል ውሃው በራሱ ይወርዳል። መርፌውን ቀጥ አድርጋችሁ ሳይሆን አግድም፣ ከቆዳው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አስገቡት፤ ያኔ ከሥር ያለውን ለጋ ቆዳ አትነኩትም። ሁለት ሦስት ትንንሽ ቀዳዳ ይበቃል። አንድ ብቻ ከሆነ ቶሎ ይዘጋና ውሃው እንደገና ይሞላል። አያምም፤ የሞተ ቆዳ ነው። ከዚያ በንጹሕ ጎዝ ቀስ ብሎ መጫን። ውሃው ሲያልቅ ቆዳው ተኝቶ ከሥሩ ጋር ይገናኛል። እዚያ ላይ እጃችሁን ሰብስቡ። የተሸበሸበውን ቆዳ አይቶ "ይችን ልቁረጣት" የማይል ሰው የለም። አትቁረጡ።

ከላዩ ቫዝሊን ስስ አድርጎ መቀባት፣ ከዚያ ጎዝ፣ ከጎዙ በላይ ፕላስተር። ፕላስተሩን ቀጥታ ቆዳው ላይ ከለጠፋችሁት ነገ ስታነሱት ቆዳውን ይዞት ይሄዳል። ያን ሁሉ የደከማችሁበት ከንቱ ቀረ ማለት ነው። የሚጣበቀው ክፍል ጤነኛው ቆዳ ላይ ብቻ ይረፍ። የተጠቀማችሁበትን መርፌ ደግሞ ቆሻሻ ውስጥ እንዲሁ አትጣሉት። የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ከትቶ ክዳኑን ማጥበቅ ነው፤ የሰፈር ልጆች ቆሻሻ ላይ ይጫወታሉ።

ቆዳው አስቀድሞ ተቀዶ ከሆነስ? የተንጠለጠለውን ወደ ቦታው መልሳችሁ አስተኙት። ፍጹም የቆሸሸና የተጠቀለለ ጫፍ ካለ እሱን ብቻ በንጹሕ መቀስ መቁረጥ ይቻላል። በውሃና ሳሙና አጥቡት፣ ቫዝሊን፣ ጎዝ። ክፍት ቁስል ላይ አልኮል አታፍስሱ። ያቃጥላል፤ ማቃጠሉ ብቻ ሳይሆን አዲሱን ሥጋ ይጎዳል። እኛ ደግሞ የሚያቃጥል መድኃኒት ካልሆነ የሚያድን አይመስለንም።

በማግስቱ ሥራ ገባሁ። ያንን ጫማ ግን አላደረግኩም። አሮጌው ጥቁር ጫማዬ መልኩ ቢገረጣም ተረከዙ የለዘበ ነው። ሊስትሮው ጥቁር ቀለም ሲያጠጣው ማንም አላወቀብኝም። ኃላፊያችን ሳነክስ አይቶ ለጥቂት ቀን ወደ ባር ባንኮኒው አዛወረኝ። እንዲህ ዓይነት አለቃ ላላችሁ፣ ዝም ብላችሁ አትሠቃዩ፣ ተናገሩ። ትርፍ ነገር ደግሞ ይችን ሞክሩ፦ ከወፍራም ስፖንጅ ክብ ቆርጣችሁ መሃሉን ቀዳዳ አድርጉት። ቀዳዳው ውሃ የቋጠረው ላይ ይረፍና በፕላስተር ያዙት። ጫማው ስፖንጁን ይጫናል እንጂ ቁስሉን አይነካውም። ይህ ለእኔ ከሁሉም የበለጠ እፎይታ የሰጠኝ ነገር ነው፤ ዋጋውም ምንም ነው።

ጎዙን በየቀኑ፣ ከረጠበም ወዲያው መቀየር ያስፈልጋል። ቤት ስገባ ነጠላ ጫማ፣ ሌሊት ከፈት አድርጎ መተኛት። ውሃው አንድ ጊዜ ተመልሶ ሞላና በዚያው መንገድ አወጣሁት። ከዚያ አሮጌው ቆዳ ደረቀ፣ ቡናማ ሆነ፣ በራሱ ጊዜ ተነሣ። ከሥሩ ሮዝ የመሰለ አዲስ ቆዳ ነበር። ለጋ ስለሆነ ለትንሽ ጊዜ ያንን ቦታ በፕላስተር እየሸፈንኩ ነው ጫማ ያደረግኩት።

አሁን ወደ ጫማው። እግር ከጫማ ጋር ተጣልቶ አሸንፎ አያውቅም። አበበ ቢቂላ እንኳ ጳጉሜ 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ በባዶ እግሩ የሮጠው አዲሱ ጫማ ስላልተመቸው ነው ይባላል፤ እግሩን አቁስሎት ነበር የሚሉም አሉ። እሱ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ወርቅ አመጣ። እኛ በባዶ እግራችን ትሪ ይዘን ብንወጣ የምናመጣው ማስጠንቀቂያ ነው። ደግሞ እሱም ቢሆን በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ያሸነፈው ጫማ አድርጎ ነው።

ጫማ ስትገዙ ወደ ማታ ሂዱ። እግር ቀን ሲውል ያብጣል፤ ጠዋት ልክ የሆነው ማታ ይጠባል። የምታደርጉትን ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። ቆማችሁ ሞክሩት፤ ከረጅሙ ጣት ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይቅር። ሻጩ "ሲለበስ ይሰፋል" ይላችኋል። ጎኑ ሊሰፋ ይችላል፤ ርዝመቱ ግን አይጨምርም። ጠንካራ ተረከዝ ያለውን ጫማ ጫማ ሰፊ ዘንድ ወስዶ ማለስለስ ይቻላል። እኔ የታደለኝን ጫማ ወስጄ ከኋላ ከውስጥ በኩል ለስላሳ ቆዳ አስለጠፍኩበት። ከዚያ ቤት ውስጥ ለአጭር ጊዜ እያደረግኩ አለመድኩት። አሁን እሱን ለብሼ ነው የምሠራው።

በክረምት የረጠበ ጫማ ፀሐይ ወይም ከሰል አጠገብ ካደረቃችሁት ይበልጥ ይጠነክራል፣ ይበልጥም ይመታል። ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁበት ጥላ ሥር አሳድሩት። ትርፍ ካልሲ በቦርሳ መያዝ ደግሞ ትልቅ ነገር ነው። እኩለ ቀን ላይ እግርን አድርቆ ካልሲ መቀየር ብቻውን ልዩነት አለው። ሁለት ስስ ካልሲ ደርቦ ማድረግም ይረዳል፤ ፍትጊያው በሁለቱ ካልሲ መሃል ይሆናል። የጫማውን ማሰሪያ እስከ መጨረሻው ቀዳዳ አጥብቆ ማሰር ደግሞ ተረከዙ ከጫማው ወጣ ገባ እንዳይል ይይዘዋል።

ሁልጊዜ የሚመታችሁ አንድ ቦታ ካለ ከሥራ በፊት የወረቀት ፕላስተር ለጥፉበት። ፋርማሲ ውስጥ ርካሹ ነጭ ፕላስተር ነው። አሜሪካ ውስጥ የስታንፎርድ ሐኪሞች 250 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚሸፍን የብዙ ቀን ሩጫ ላይ በ128 ሯጮች ሞክረውት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት ውሃ መቋጠርን በ40 ከመቶ ገደማ እንደቀነሰ ያሳያል። ለሯጭ የሠራ ለአስተናጋጅ የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም፤ ለእኔ ሠርቷል።

ሳልረሳው፣ ቀላል ነገር ነው ብላችሁ የማትተዉት ጊዜ አለ። የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበረው የካልቪን ኩሊጅ ልጅ በ1924 እ.ኤ.አ. ያለ ካልሲ ቴኒስ ተጫውቶ የእግር ጣቱ ውሃ ቋጠረ። ቁስሉ አመረቀዘ፣ ጀርሙ ወደ ደሙ ገባና በቀናት ውስጥ ሞተ። ዕድሜው 16 ነበር። ያኔ ፔኒሲሊን አልተገኘም። ዛሬ መድኃኒቱ አለ፤ ግን በጊዜ መሄድ ያስፈልጋል። ሕመሙ በመቀነስ ፈንታ እየጨመረ ከሄደ፣ ዙሪያው ከቀላና ከሞቀ፣ ውሃው ደፍርሶ መግል ከሆነ፣ መጥፎ ሽታ ካመጣ፣ ቀይ መስመር ወደ ላይ ወደ እግር ከወጣ፣ ብሽሽት ላይ ንፍፊት ካበጠ ወይም ትኩሳት ከያዛችሁ ያን ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቅላቱ እየሰፋ መሆኑን ካልተማመናችሁ በእስክሪብቶ ዙሪያውን አስምሩ። ከመስመሩ ካለፈ እየሰፋ ነው። ቁስሉ አፈር ከነካው ደግሞ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባታችሁ መቼ እንደነበር ጠይቁ። ጫማ ሳይነካው በጣቶች መሃል እያሳከከ ውሃ የሚቋጥር ከሆነ ደግሞ ፈንገስ ሊሆን ስለሚችል መታየት አለበት።

ስኳር ላለባቸው ሰዎች ያልኩት ይኸውላችሁ። አከራያችን እማማ ስኳር አለባቸው። ስኳር ለረጅም ጊዜ ሲቆይ የእግርን ስሜት ይቀንሳል። ጫማ ሲመታቸው ላይሰማቸው ይችላል፤ ቁስሉም ቶሎ አይድንም። ስለዚህ ሲስተር ለእሳቸው የሰጠቻቸው ትእዛዝ ከእኔ ጋር አንድ አይደለም። መርፌ የለም፣ ራስ በራስ ማከም የለም፣ ትንሽም ብትሆን ጤና ጣቢያ። ግቢ ውስጥም ቢሆን በባዶ እግር አይሄዱም። ማታ ማታ እግራቸውን ከላይም ከታችም ያያሉ፤ ከታች የማይታያቸውን ልጃቸው ታይላቸዋለች። ጠዋት ደግሞ ጫማ ከማድረጋቸው በፊት እጃቸውን አስገብተው ይዳስሳሉ። በቀደም የቢራ ቆርኪ አወጡና ግቢውን ሰብስበው "ይሄን የከተተ ማነው?" አሉ። የልጅ ልጃቸው ሮጦ እኛ ቤት ገባ።